«የማን ልጅ ነህ?»፦ «ጨዋ» የሚለው ቃል በላስታ

ላሊበላ ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ «ጨዋ» ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ሦስቱም ለየቅል ናቸው። ጠዋት መንገድ ላይ ላገኛችኋቸው አዛውንት ጎንበስ ብላችሁ እጅ ስትነሱ «ተባረክ፣ ጨዋ ልጅ» ይሏችኋል። ይሄ ምስጋና ነው። ረፋድ ላይ ቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ አንድ ደብተራ ስለ እናንተ «እሱ እንኳ ጨዋ ነው» ካሉ ግን ምስጋና እንዳይመስላችሁ፤ ግእዝ አያውቅም፣ ዜማ አልተማረም፣ ተራ ምእመን ነው ማለታቸው ነው። ማታ ደግሞ ለጋብቻ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ጨዋ ናቸው?» ሲባባሉ ብትሰሙ፣ የሚጠይቁት ስለ ጠባያችሁ አይደለም። ስለ አያታችሁ አያት ነው።

አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ ይዘን ነው ያደግነው። ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ ታላቁን የሚያከብር፣ አፉን የሚሰበስብ፣ በቃ። ሌሎቹን ሁለቱን ስንሰማ «የድሮ ሰው አነጋገር» ብለን እናልፋቸዋለን። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ሦስቱ ትርጉሞች የወጡት ከአንድ ታሪክ ነው፤ ያ ታሪክ ደግሞ ከመልካም ጠባይ አልተነሳም። ዛሬ አንዲትን ልጅ «ጨዋ ሁኚ» ስንላት፣ ቃሉ ያን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ነው ጆሮዋ የሚገባው።

ቃሉን ከጨው ጋር የሚያያይዙ አሉ። ጨዋ ሰው «ጨው ያለው»፣ ለዛ ያለው ነው ይላሉ። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፤ በተለይ ለላስታና ለዋግ ሰው፣ ከአፋር ዝቅታ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ በሰቆጣ ገበያ በኩል ሲያልፍ ለኖረ አገር። ጨዋታንም የሚጨምሩበት አይጠፉም። ሆኖም የድምፅ መመሳሰል የሥር ዝምድና አይደለም። ጨዋታ የመጣው «ተጫወተ» ከሚለው ግስ ነው፤ «ተ» የሥሩ ፊደል ናት፣ ልጣልሽ ብትሏት አትወድቅም። ጨውም የራሱ መንገድ አለው።

የታሪክ ሰዎች የሚያመለክቱት ሌላ ቦታ ነው፤ ግእዝ። በግእዝ «ፄወወ» ማለት ማረከ ማለት ነው። «ፄዋ» ምርኮ፣ ምርኮኛ። እስካሁንም የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የእስራኤልን የባቢሎን ምርኮ «ፄዋዌ» ነው የሚሉት። ይህ ቃል ነው በመካከለኛው ዘመን ወደ ነገሥታቱ ጦር ሰፈር የገባው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344)፣ ከዚያም ይበልጥ ተደራጅቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468)፣ «ጨዋ» የሚባል ሠራዊት ነበር፤ ቀጥታ ለንጉሡ የሚታዘዝ፣ በየጠረፉና በየግዛቱ የሚሰፍር፣ የራሱ የክፍለ ጦር ስም ያለው። ከስሞቹ አንዱ «ዣን አሞራ» ነበር። ዛሬ ሰሜን ተራሮች አጠገብ ጃናሞራ የምንለው ወረዳ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ታደሰ ታምራትና መርዕድ ወልደ አረጋይ በዚህ ዘመን ላይ በሰፊው ጽፈዋል፤ ከቅርብ ጊዜ ደግሞ ደረሰ አየናቸው የጨዋን ሠራዊት አደረጃጀት ለብቻው አጥንተውታል።

ምርኮኛ እንዴት ወታደር ይሆናል? በዓለም ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። ግብፅን የገዙት ማምሉኮች ስማቸው በዐረብኛ «በባለቤትነት የተያዘ» ማለት ነው። ንጉሥ ዘመድ የሌለው ወታደር ይወዳል። ወንድም፣ አጎት፣ ርስት የሌለው ሰው ከንጉሡ በቀር ማንን ይሰማል? በእኛም አገር ከተወጋው ሕዝብ የተማረከው ወጣት ተመልምሎ፣ መሣሪያ ተሰጥቶት፣ ሌላ ግዛት ሄዶ ይሰፍራል። ከዚያ መሬት ይሰጠዋል። መሬቱን ግን የሚያርሰው እሱ አይደለም፤ ገባሩ ነው። ጨዋው ይበላል፣ ገባሩ ያበላል።

እዚህ ላይ ነው ቃሉ ፊቱን ያዞረው። የምርኮኛው ልጅ ወታደር፣ የወታደሩ ልጅ ባለጉልት፣ የባለጉልቱ የልጅ ልጅ «የጨዋ ልጅ» ሆነ። አያት በገመድ ታስሮ የመጣበት ስም ለልጅ ልጅ የነፃነት ማስረጃ ሆነው። በኋለኛው አማርኛ «ጨዋ» ባሪያ ያልሆነ፣ ገባር ያልሆነ፣ በእጅ ሥራ የማያድር ሰው ማለት ነው። ይሄ መገለባበጥ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው «ናይት» ጥንት ልጅ፣ አሽከር ማለት ነበር፤ ኋላ ባለ ጋሻው ባላባት ሆነ። «ጀንትልማን» ከላቲኑ «ጎሳ፣ ዘር» ከሚል ቃል የወጣ ነው። «ቪለን»፣ በፊልም የምናውቀው ክፉ ሰው፣ መነሻው የመንደር ገበሬ ነው። የተከበረው ከጦርና ከዘር፣ የተናቀው ከእርሻ። እኛስ ስንሳደብ «ገበሬ» አይደል የምንለው? ጤፉን እየበላን።

ሁለተኛው ትርጉም፣ ያልተማረ የሚለው፣ ከዚሁ ይወጣል። በድሮው ሥርዓት ውስጥ የሚከበር ሰው ወይ ካህን ነው ወይ ጨዋ ነው፤ አንዱ በመጽሐፍ፣ አንዱ በጦር። ስለዚህ ካህን ያልሆነ ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ፣ በካህናቱ አፍ ጨዋ ሆነ። ቅኔ ቤት ውስጥ «ጨዋ» መባል ስድብ ነው፤ የኔታ ፊት ቃል የሳተ ተማሪ የሚሸማቀቅበት ስድብ።

በዚህ ድርብ ትርጉም ላይ የቆመ ትልቅ ልቦለድ አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ታሪክ ነው፤ ያነሳው ጥያቄ ግን የአንድ አውራጃ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂ ሲመልሱ ይኖራሉ። ከዚያ የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ ሊያስተምራት ቤት ይገባል። ልቦለዱን ብዙ ጊዜ የምናነበው እንደ ፍቅርና ጭቆና ታሪክ ነው፤ ልክ ነው። ግን በ«ጨዋ» ዓይን ደግሞ እዩት። በዘር ሚዛን ሰብለ የጨዋ ልጅ ናት፣ በዛብህ አይደለም። በትምህርት ሚዛን ደግሞ እሷ ናት «ጨዋ»፣ እሱ ግን ቅኔ የተማረ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ተዘርግቶ ሁለቱ ሲቀመጡ አንዱ ቃል ሁለቱንም ያከብራል፣ ሁለቱንም ያዋርዳል። የመጽሐፉ ዕጣ የሚወሰነው ከሁለቱ ሚዛኖች የትኛው ያሸንፋል በሚለው ነው። ዘር ያሸንፋል። ይህን ሁሉ አይቶ በግልጽ የሚናገረው ካሣ ደግሞ «ጉዱ» ይባላል። እብድ ማለት በዚያ ቤት ጨዋነትን በቃሉ ሳይሆን በሥራው የሚመዝን ሰው ነው።

ልቦለዱ ዘርን ከፊደል ጋር አጋጠመ። ላስታ ግን ሦስተኛ ነገር ያመጣል፤ እጅን። ቃሉ ከሁሉ በላይ የሚፈተነውም እዚያ ይመስለኛል።

አስቀድሞ ስለ ዘር አንድ ነገር። ላስታ የዛጉዌ አገር ነው። ሥርወ መንግሥቱ በ1270 (እ.ኤ.አ.) በይኩኖ አምላክ ከተተካ በኋላ «ክብረ ነገሥት» የዛጉዌን ነገሥታት የእስራኤል ዘር ያልሆኑ ብሎ ከሕጋዊው ሐረግ አስወጣቸው። በዘር ሚዛን ወደቁ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከእነሱው መካከል ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላን፣ ነአኵቶ ለአብን ቅዱሳን አለቻቸው። በሐረጉ የተነቀፈ ንጉሥ በሥራው ጸደቀ። ይህን ይዛችሁ ወደ ድንጋዩ ኑ።

አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች መካከል ናቸው። እንግዳ መጥቶ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲቆም የሚያየው የመሮ ምት ነው። ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ተራራ። ድንጋይ የሚያውቅ፣ የትኛው ንብርብር እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ፣ መስኮቱን ከመቅረጹ በፊት መስኮቱን በሐሳቡ ያየ ሰው ሥራ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል፤ እዚህ ግን የተሳሳተ ምት አይጠገንም።

የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በቡድን ሆነው ቦታውን ሲያጠኑ ሥራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ዙሮች እየተፈለፈለ እንደሄደ አሳይተዋል፤ ከጉድጓዱ የወጣው ፍርስራሽ በዙሪያው ተከምሮ ለጥናቱ ምስክር ሆኗል። ደግማችሁ አስቡት። ከሠራተኞቹ ከተረፉልን ማስረጃዎች አንዱ የጣሉት ቁርጥራጭ ነው። ቤቶቹ በመድኃኔ ዓለም፣ በማርያም፣ በገብርኤል፣ በአማኑኤል፣ በመርቆሬዎስ ስም ይጠራሉ። ከተማው በንጉሡ ስም ይጠራል። ቤተ አባ ሊባኖስን በትውፊት ንግሥት መስቀል ክብራ ከመላእክት ጋር በአንድ ሌሊት አሠራችው ይባላል። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ቅዱሳን፣ መላእክት። ድንጋይ ጠራቢው የት ሄደ?

የትም አልሄደም፤ ዘሩ እዚሁ ደጋ ላይ ቀረ። ኋላ ግን በመሮና በመዶሻ፣ በወናፍ፣ በሸማ ዕቃ፣ በሸክላ የሚያድር ሰው በሰሜኑ አገር ከ«ጨዋ» ዝርዝር ወጣ። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ ተባለ፣ ፋቂው ፋቂ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ። ሰው በላ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ማረሻህን የሳለልህ ሰው ልጅህን በዓይኑ ይበላል ብለህ ታምናለህ፤ ግን ማረሻህን ለእሱ ነው የምትወስደው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የአገር ልማድ ስለነበረ ነው። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሚያጠፋው አዋጅ ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ገባርንና ባለጉልትን አንድ ላይ አጠፋ። ሥርዓቱ ቀረ። ቃሉ ግን አልቀረም፤ ሽማግሌዎቹ አሁንም ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃሉ።

አንድ ነገር ግን ያስገርመኛል። የቅዱስ ላሊበላን ገድል ስታነቡ መላእክቱ ምን ሲያደርጉ ነው የምታገኟቸው? ከሠራተኞቹ ጋር ተደባልቀው ድንጋይ ሲጠርቡ። ሰዎቹ ማታ ጥለውት የሄዱት ሥራ ጠዋት ጨምሮ ይጠብቃቸዋል። ንጉሡም በግድ አላሠራም፤ ለሠራተኞቹ ዋጋቸውን ከፈለ ይላል ገድሉ። ይህን ታሪክ ብዙ የዘመኑ ሰው የሚያነበው «የአበሻን እጅ ለመካድ የተፈጠረ ተረት» እያለ ነው፤ የውጭ ጸሐፊዎች ሥራውን ለግብፃዊ ወይም ለሌላ ፈረንጅ መስጠታቸው ሳያንስ እኛ ደግሞ ለመልአክ ሰጠነው ይላሉ። ቁጣው ይገባኛል፤ ንባቡ ግን የቸኮለ ነው። ገድሉን የጻፈው ሰው መልአኩን ዙፋን ላይ አላስቀመጠውም፤ መዶሻ አስያዘው። በሌሊት ፈረቃ አስገባው! በእሱ ዓይን የእጅ ሥራ ውርደት ቢሆን ኖሮ የሰማይን ሠራዊት እዚያ ውስጥ ባላስገባ ነበር። እንግዲህ ሌሊት መሮ የያዘው መልአክ ከሆነ፣ ቀን መሮ የያዘውን ሰው ከጨዋ ያወጣው ማነው? ገድሉ አይደለም። ገድሉ የገዛ ልማዳችንን የሚቃወም ምስክር ሆኖ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጧል፤ በየዓመቱ እየተነበበ።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ድሮ ነው፣ ዛሬ ማን ስለ ጠይብ ያወራል ትሉ ይሆናል። ቃሉን ዛሬ የምንጠቀምበትን ቦታ ብቻ ቁጠሩ።

ላሊበላ ላይ ቱሪስት በደህናው ጊዜ «ጨዋ ልጅ» የሚባለው እንግዳን የማይከተል፣ «ስፖንሰር» የማይለምን፣ መጽሐፍ ግዛልኝ የማይል ልጅ ነበር። እሺ፣ ይሁን፤ ማስቸገር መልካም አይደለም። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ እንግዳው ቀረ። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ መስቀልና ነጠላ ሻጩ ገቢያቸው ደረቀ። በዚህ ጊዜ ነው የ«ጨዋ ቤት» ትርጉም በደንብ የሚታየው። ጨዋ ቤት የዕርዳታ ሰልፍ ላይ አይታይም። ጨዋ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ምሳ እንደሌለ ጎረቤት እንዳያውቅ። የሚያስከብረው ነገር ረሃብን መደበቅ ሆነ። ይህን ክብር አልንቀውም፤ ሰው ሁሉን አጥቶ የሚይዘው የመጨረሻ ነገር ነው። ግን ማነው የሚጠቀመው? የተዘጋ በር ለመዝጋቢ አይናገርም።

ባለሥልጣን ይሄን አሳምሮ ያውቃል። በዓሉ በሰላም ሲያልቅ «ጨዋው ሕዝባችን» ይባላል። ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሕዝቡ ዝም ሲል፣ «ጨዋው ሕዝባችን»። ጥያቄ ሲያነሳ ግን ሌላ ስም ይፈለግለታል። አንድ ሕዝብ ጨዋ ነው ተብሎ ሲመሰገን፣ የተመሰገነው ምን አድርጎ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም ባለማድረጉ» ነው።

ሴት ልጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። «ጨዋ ናት» ስንል ስለ ሥራዋ የምንለው ነገር የለም። አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ ማታ አትታይም። ትዳር ፈላጊው በቴሌግራም «ጨዋ ሴት እፈልጋለሁ» ሲል ሐቀኛ፣ ደፋር፣ ቃሏን የምትጠብቅ ማለቱ ይሆን? ይሁንለት። ወንዱ ላይ ደግሞ ያው ቃል መከታ ይሆናል። አንዲት ልጅ ተበድላ አፏን ስትከፍት ኮሜንቱ ስር የምታዩት የመጀመሪያ መልስ ምንድነው? «እሱ እኮ የጨዋ ልጅ ነው፤ አያደርገውም።» እሷን ደግሞ፦ «ጨዋ ብትሆን አደባባይ አታወጣውም ነበር።» አየችሁት? አንዱ ቃል እሱን ከጥያቄ ያስመልጣል፣ እሷን ከመናገር ይከለክላል። እሱ ጨዋ የሆነው በአባቱ ነው፤ እሷ ጨዋ የምትሆነው በዝምታዋ። ሽማግሌ ተቀምጦ «ገመና ነው፣ እዚሁ ይለቅ» ሲል፣ በሦስተኛው ትርጉም የተመሠከረለት ሰው በመጀመሪያው ትርጉም ነፃ ይወጣል።

ለዚህ አንዱን ምክንያት ቋንቋው ራሱ ደብቆታል ብዬ አስባለሁ። የጨዋ ተቃራኒ ባለጌ ነው። ባለጌ ግስ አለው፦ ባለገ፣ ይባልጋል፣ አባለገ። ብልግና የሚሠራ ነገር ነው፤ ጊዜ አለው፣ አድራጊ አለው፣ «መቼ ባለገ? ማን ላይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጨዋ ግን በዕለት ተዕለት አማርኛችን ግስ የለውም። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው መልካም ነገር ሲያደርግ «ጨወወ» አትሉም። ጨዋ ነው ትላላችሁ፤ ነበር፣ ነው፣ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋነትን በተግባር ለማረጋገጥ ቋንቋው መንገድ አይሰጠንም፤ ያለን «የማን ልጅ ነህ?» ብቻ ነው። ግስ የነበረው በግእዝ ነው፤ እሱም ማረከ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎቹ «ላሊበላዎች» ካልተናገርን ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። የከተማዋን ስም የሚጋሩ፣ ላሊበሎች ወይም አሚና የሚባሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑ ሰዎች አሉ። ካልለመንን ለምጽ ይወጣብናል ብለው ያምኑ ነበር፤ ለዚህም ይመስላል ሀብት ያለው ሳይቀር ይወጣ የነበረው። የባለቤቱን ስም ቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በስሙ፣ በዘሩ፣ በደግነቱ እያወደሱ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱታል። ከሰጠ ምርቃት ነው። ካልሰጠ ያው ዜማ ወደ ስድብ ይዞራል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ነቅቶ እየሰማ። ብዙ ሰው የሚያያቸው እንደ አስቸጋሪ ወይም እንደ ባህል ማሳያ ነው። እኔ ግን የጨዋነትን ነገር ከእነሱ በላይ በተግባር የተነተነ አላውቅም። እነሱ ራሳቸው ከጨዋ የማይቆጠሩ ሰዎች በር ላይ ቆመው፣ በጨለማ፣ «የእገሌ ዘር» ብለው የጀመሩትን ውዳሴ እጅ እስኪዘረጋ ድረስ አይጨርሱትም። ዘሩን ያውቁታል፤ ግን ዘሩ አልበቃቸውም። ፍርዱ የሚወጣው በሩ ሲከፈት ወይም ሳይከፈት ሲቀር ነው። በእነሱ ዜማ ብቻ ጨዋነት ግስ አገኘ፦ ሰጠ፣ ነሳ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ቃሉን እንተወው የሚል ሐሳብ የለኝም። «ሥልጡን»፣ «ጥሩ ሰው»፣ «ሥርዓት ያለው» ማንም ሊላቸው የሚችላቸው ቃላት ናቸው፤ ሙቀት የላቸውም። አዛውንቱ በጠዋት «ጨዋ ልጅ» ሲሉ የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ሰውዬው ስለ ምርኮኛና ስለ ገባር አያስቡም፣ ያዩት አንድ ወጣት ጎንበስ ሲል ነው። ያ ምስጋና ለሥራ የተሰጠ ነውና ይቆይ። የሚያጣላኝ ሌላው ነው፤ ሥራ ሳይታይ የሚሰጠውና ሥራ ታይቶም የማይነሳው።

ከሦስቱ ትርጉሞች ዝቅ ያለው፣ ማንም የማይመኘው፣ የካህናቱ ነው፤ ያልተማረ። እኔ ግን እሱን እወደዋለሁ። የገና ሌሊት አልፎ ሲነጋ ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኵሉ» ሲባል ነጭ የለበሱት ካህናት ግማሹ ከላይ ዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከአገሩ ዳር እስከ ዳር በእግሩ የመጣው ምእመን ዙሪያውን ሞልቶ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። የሚዜመው ግእዝ ነው። በዚያ ሰዓት በካህናቱ ሚዛን ጭሰኛም የጨዋ ልጅም የለም፤ ሸማኔው፣ የፊታውራሪው የልጅ ልጅ፣ ከዲሲ የመጣው፣ የጠይቡ ልጅ፣ ሁሉም እኩል «ጨዋ» ነው። በራስ ላይ ሳያሳፍር የሚባለውም ይሄኛው ብቻ ነው። «እኔ ጨዋ ነኝ» ብሎ ስለ ጠባዩ የሚመሰክር ሰው ይሳቅበታል፤ ስለ ዘሩ የሚመሰክርም ጉረኛ ነው። ሥርዓቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን ግን አንዲት እናት ቄሱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሊያስቆሟቸው ይችላሉ፦

«አባ፣ እኛ ጨዋ ነን። ምን ማለት ነው እሱ ያላችሁት?»

እሳቸውም ቆመው መመለስ አለባቸው።